ሾላ ምንጭ የቀላ ዕለት

የጣሊያንን ዘመን አጫውችን የሚሉኝ ሰዎች የሚጠብቁት የጥይት ወሬ ነው። እኔ ጥይት ሲንጣጣ የሰማሁት ከሩቅ፣ ልጄን አቅፌ ነው። የእኔ ውጊያ የተካሄደው በሙቀጫና በዘነዘና ነበር። ስነግራቸው ይስቃሉ። ሳቁ ግዴለም፤ ስጨርስ ግን ማን እንደሚስቅ እናያለን።

ያን ጊዜ ምላሴ ከዕድሜዬ የሚቀድም ልጅ እግር ሚስት ነበርኩ። የተወለድኩት ሰከላ ነው፤ ከግሽ ዓባይ ጠበል ብዙም አይርቅም። የተዳርኩት ግን ቡሬ አጠገብ ካለ መንደር ነው። ባሌ ጣሊያን ቡሬ እንደገባ ጠመንጃውን አንግቶ ጫካ ወርዷል። የት አለ ብሎ ለሚጠይቀን ሁሉ «ወጀት ለንግድ ሄዷል» እንል ነበር። ወጀት ማለት ዛሬ ፍኖተ ሰላም የምትሏት ናት። እኔ የቀረሁት ከአማቴ ከአያ አለልኝና ገና ድክ ድክ ከሚለው ልጄ ከይበልጣል ጋር ነው። አማቴን በስሙ መጥራት ለምራት ነውር ስለሆነ እኔ «አባባ» ነበር የምለው።

ከመንደራችን ራስጌ አንድ ጉብታ አለ። ጣሊያን ምሽጉን የሠራው እዚያ ላይ ነው። ለግንቡ ድንጋይ የፈለጠበት ቦታ ትልቅ ጉድጓድ ሆኖ ቀረ። ጦሩ ጉድፉን ሁሉ እዚያ ይደፋ ጀመር፤ የሞተ በቅሎ፣ የሽንት ቤት ባልዲ፣ ቆርቆሮ፣ ካሚዮኑ የተፋው ጥቁር ዘይት። ከጉብታው እግር ደግሞ፣ ከአንዲት አሮጊት ሾላ ሥር፣ ምንጫችን ይፈልቃል። ሾላ ምንጭ እንለዋለን። እኛም ከብቶቻችንም የምንጠጣው ከእሱ ነው።

መጀመሪያ የውኃው ሽታ ተለወጠ። ቀጥሎ ሕፃናቱን ተቅማጥ ያጣድፋቸው ጀመር። ጎረቤቴ ልጇን ቀበረች። ከቀብር ስንመለስ የእኔ ይበልጣል ጀርባዬ ላይ ጨርቅ ሆኖ ተኝቶ ነበር። ዓይኑ ወደ ውስጥ ጎድጉዷል፤ ጡት ስሰጠው ፊቱን ያዞራል። ያን ጊዜ የተሰማኝን ለወለደ አልነግረውም፤ ላልወለደም ብነግረው አይገባው።

መንደሩ ምክንያቱን ያወቀ መስሎት ነበር። በየዓመቱ መስቀል ሲያልፍ አገሩ ደቦ ወጥቶ ምንጩን ይጠርጋል፤ ደለሉን ያወጣል፣ ድንጋዩን ይክባል። በዚያ ዓመት ጣሊያን መሰብሰብ ስለከለከለ ሳይጠረግ ቀረ። «ምንጩ ተቀይሞን ነው» አሉ ሽማግሌዎች። ስለዚህ በየተራ፣ ሁለት ሁለት እየሆንን፣ ውኃ ልንቀዳ የሄድን እየመሰልን ጠረግነው። ምንጩ ግን ቂሙን አልረሳም። እንዲያውም ባሰበት።

አባባ ግን ጉድጓዱን ይጠረጥር ነበር። አንድ ቀን ነጠላውን አጣፍቶ ወደ ካፒታኖው፣ ወደ ምሽጉ አዛዥ ወጣና በአስተርጓሚ አስነገረ። ሲመለስ ፊቱ ጠቁሯል።

«ምን አሉ?» አልነው።

«ጉብታው አለት ነው አለ። ‹ድንጋይ ውኃ ያስገባል እንዴ?› ብሎ ሳቀብኝ።» ነጠላውን ከላዩ አወረደና «ጠጅ የሚያስገባ ጉሮሮ እንጅ ነገር የሚያስገባ ጆሮ የለው» አለ።

ሌላ ውኃ አልነበረም ማለቴ አይደለም። ከቆላው በኩል ወንዝ አለ። ነገር ግን መንገዱ በኬላ ያልፋል፤ ኬላው ላይ አስካሪዎች፣ ጣሊያን የቀጠራቸው ወታደሮች፣ ሴት ያስቸግራሉ። እንስራዋን ሞልታ በሰላም የተመለሰች ሴት እልል ይባልላት ነበር።

ጥር ገባና የባሌ እህት ውዴ ልትዳር ሆነ። ልጁ የማንኩሳ ሰው ነው። ከፋም ለማም ዘመን ሠርግ አይቀርም፤ ጣሊያንም ቢሆን ሠርግ አልከለከለም፣ ከብት ስለሚታረድ ሳይወደው አልቀረም። የሠርጉ ዋዜማ ለሴቶቹ የእንሶስላ ቀን ነው። ሥሩን ከወንዝ ዳር ቆፍረን አምጥተን፣ ወቅጠን፣ በጋን ዘፍዝፈን የሙሽራዋን እጅና እግር አቀላን። ሚዜዎቿም፣ እኛም ተቀባን። ጀርባዬ ላይ ልጄ እየደከመ እኔ እጄን መሞሸሬ ዛሬም ይገርመኛል፤ ግን እንቢ ብል ለሙሽራዋ ክፉ ምልኪ ነው።

ከእንሶስላው የቀረው ቀይ እጣቢና ዝቃጭ ሁለት ትልልቅ እንስራ ሞላ። ይህን የትም መድፋት አይቻልም። የሙሽራ እጣቢ ሰው ከረገጠው፣ ክፉ ሰው ካነሳው፣ መተት ይሠራበታል፤ ሙሽራዋን ያመክናታል ይባላል። የዚህ ነገር አዛዧ የአባባ እህት እትየ ዘርፌ ነበረች። እትየ ዘርፌ የሰው ዓይን፣ መተትና ጥላ የምትፈራ፣ ከዚያ ሌላ ግን ነብርም የማትፈራ ሴትዮ ናት።

«የምንደፋበትን እኔ አውቃለሁ» አለች። «ያን የጣሊያን ጉድጓድ ማን ይረግጠዋል? ጅብ እንኳ አፍንጫውን ይዞ ነው የሚያልፍ!»

ተሸክመን ወጣን። ዘበኛው ሁለት ሴቶች እንስራ ይዘን ስንመጣ አይቶ ሊከለክለን ነበር፤ ሽታው ግን እሱንም ስላስጨነቀው በእጁ «ድፉ፣ ሂዱ» አለን። ካሚዮን የታጠበበት ቀን ስለነበር ጉድጓዱ እስከ አፉ ጥቁር እጣቢ ሞልቷል። ደፋን። እትየ ዘርፌ ሦስቴ አማተበች፣ «የተመቀኛት ይዋኝበት» አለችና ወረድን።

በማግስቱ ጠዋት የሰማሁት የመጀመሪያ ድምፅ የሠርግ እልልታ አልነበረም። «ደም! ደም! ሾላ ምንጭ ደም አፈለቀ!» የሚል ጩኸት ነው።

ልጄን አዝዬ ሮጥኩ። ስደርስ አገሩ ሁሉ ከሾላዋ ሥር ነው። ሴቱ ደረቱን ይመታል። አንዱ «በግፍ የሞቱት ሰማዕታት ደም ነው» ይላል፤ ሌላው «ጣሊያን ሊለቅ ነው፣ ምልክት ነው» እያለ ይፎክራል። የመንደራችን ቄስ፣ ቄስ ሞገስ፣ መስቀላቸውን ይዘው እግዚኦታ ጀምረዋል። ከጎረቤት አጥቢያ ሳይቀር ሰው ይጎርፋል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ውኃው ቀላ ያለ ብቻ ነበር። ደም ያደረገው ፍርሃታችን ነው።

ተንበርክኬ በእፍኜ ቀዳሁ። ውኃው በጣቶቼ መካከል አልፎ ሲፈስ መዳፌ ታየኝ። ያው ቀለም ነው። አሸተትኩት። ከዚያ ከለመድነው ግማት ሥር የእንሶስላ ሽታ አለ።

ያን ጊዜ ገባኝ። ትናንት እላይ የደፋነው ዛሬ እታች አለ። እንግዲያ የበቅሎው ጥንብም፣ የባልዲውም፣ የካሚዮኑም እዚህ አለ። ልጄ ይህን ሁሉ ጊዜ ሲጠጣ የኖረው እሱን ነው።

አፌን ሳልከፍት አስካሪዎች መጡብን። አስተርጓሚው ከፊት ነው፤ ጎፈሬውን የሚያበጥር፣ ሲናገር የሰው ዓይን የማያይ ጎበዝ። ምሽጉ ከጉብታው ወገብ ላይ የራሱ የውኃ ጉድጓድ አለው፤ ለካ ያም ቀልቷል።

«ካፒታኖው መርዝ ነው ብሏል» አለ አስተርጓሚው። «መርዙን የጨመረው ሽፍታ እስከ ነገ ማታ ካልወጣ አለልኝና ቄሱ ይረሸናሉ።»

አባባንና ቄስ ሞገስን የፊጥኝ አስረው ወሰዷቸው። አባባ ዞር ብሎ እኔን አላየኝም፤ ያየው ጀርባዬ ላይ ያለውን ልጅ ነው።

እትየ ዘርፌን ጎትቼ ከሾላው ጀርባ አገባኋት። እጇን ገልብጬ ከውኃው አጠገብ ያዝኩላት። ብልህ ናት፤ ወዲያው ገባት። ፊቷ አመድ መሰለ።

«ዝም በይ!» አለችኝ። «አንች ልጅ፣ ዝም በይ! እኛ ነን ብንል ይሰቅሉናል።»

«ዝም ካልን አባባ ይሞታል።»

«ሕዝቡስ? ተአምር ነው ብሎ ያለቀሰው ሕዝብ ምን ይለናል?»

«እትየ፣ ተአምርስ ነው። ውኃው የመጣበትን መንገድ በቀለም አሳየን። እግዜር ከዚህ በላይ ምን ይንገረን?»

ማማተብ ጀመረች። እኔ ግን ቤት ገብቼ ከሙሽራዋ የተረፈ የእንሶስላ ሥር በጨርቅ ቋጠርኩ፣ ከወንዝ የመጣ ንጹሕ ውኃ በቅል ያዝኩ፣ ልጄን አጥብቄ አዘልኩና ዳገቱን ወጣሁ። ከኋላዬ አንድ ሰው ሲያጉረመርም ሰማሁ። ዞር ስል እትየ ዘርፌ ናት። «ዕብድ ናት፣ ዕብድ ነው የዳርንለት» እያለች ትከተለኛለች።

ካፒታኖው ከድንኳኑ ደጅ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ቀጭን፣ ከሲታ፣ ፀሐይ ያቃጠለው ሰው ነው። አባባና ቄሱ ከግንቡ ሥር ታስረዋል።

«ባልሽ የት አለ?» አለኝ አስተርጓሚው ገና ስደርስ።

«ወጀት፣ ለንግድ።»

«የእናንተ መንደር ወንድ ሁሉ ነጋዴ ነው» አለ ፈገግ ብሎ። «ምን ፈለግሽ?»

«ውኃውን ያቀላነው እኛ ነን ብለው ይንገሩልኝ።»

ፈገግታው ጠፋ። «እሱን ልናገርልሽ? አብደሻል?»

«ይንገሩት፣ ጌታው። ግን መርዝ አይደለም ይበሉት።»

ነገረው። ካፒታኖው ብድግ አለ። አስካሪዎቹ ጠመንጃቸውን አነሱ። ሥሩን በድንጋይ ጨፍልቄ ከቅሉ ውኃ ቀላቀልኩ፤ ቀላ። መዳፌን ዘርግቼ አሳየሁት፤ ከዚያ ቅሉን አንስቼ በፊቱ ጠጣሁ። ይመራል። እትየ ዘርፌ ቅሉን ከእጄ ነጠቀችና የቀረውን ጨለጠችው። ነጠላዋን ገልጣ ቀይ እግሯንም አሳየችው። በሷ ዕድሜ ለወንድ እግር ማሳየት ከሞት አይተናነስም።

«ይህ የሙሽራ ጌጣችን ነው» አልኩ። «ከእናንተ የውኃ ጉድጓድ አልጨመርነውም፤ ዘበኛችሁ ይመስክር። የደፋነው ከቆሻሻ ጉድጓዳችሁ ነው። ትናንት እዚያ ገባ፣ ዛሬ ከእኛ ምንጭ ወጣ፣ ከእናንተም ባልዲ ወጣ። እንግዲህ ካፒታኖው ያስቡት። ከእንሶስላው ጋር ሌላ ምን እንደሚጠጡ።»

አስተርጓሚው መጨረሻዋን ሳይተረጉም ቆመ። እሱም የሚጠጣው ከዚያው ነው። ከዚያ ቀስ ብሎ ተረጎመ።

ካፒታኖው አላመነም። ድንጋይ ውኃ አያሳልፍም አለ እንደገና። ግን ፊቱ እንደ ቃሉ አልነበረም። ዘበኛውን አስጠርቶ ጠየቀ፤ ዘበኛው እውነቱን ተናገረ። በመጨረሻ እንዲህ አስነገረ፤ «በእኔ ወታደሮች ፊት እንደገና ድፉ። የውኃ ጉድጓዴን አስጠብቃለሁ። ከቀላ ሰዎቹን እለቃለሁ። ካልቀላ ግን አንች ሦስተኛ ነሽ።»

ትናንት በሁለት እንስራ ቀልቷል። ዛሬ ግን በእጥፍ ካልሆነ አላምንም አልኩ። የእንሶስላ ሥር ከየት ይምጣ? ወርጄ ለሴቶቹ ነገርኩ። አንዳንዱ ተቆጣ፤ «የሰማዕታትን ደም እንሶስላ አደረግሽው» ያለችኝም አለች። ልጇን የቀበረችው ጎረቤቴ ግን መቆፈሪያዋን አንስታ ወደ ወንዝ ወረደች። እሷን አይተው ሁሉም ተከተሉ። የጥር ሙሽሮች በየመንደሩ ስለነበሩ ከጎረቤት አጥቢያ ሴቶችም የሙሽሮቻቸውን ሥር ይዘው መጡ። ውዴ በሠርጓ ቀን፣ ከነጌጧ፣ ዘነዘና ይዛ ስትወቅጥ ማየት ነው። የማንኩሳ ሚዜዎች ሊወስዷት መጥተው ሙቀጫ ያዥ ሆኑ። ዝም ብሎ መውቀጥ ደግሞ አይሆንልንም፤ አንዷ የሠርግ ዘፈን አወጣች፣ ሌላው ተቀበለ። ምሽጉ ያሉት ወታደሮች ግንብ ላይ ወጥተው ያዩናል። ሰው ሊረሸን ነው፣ እነዚህ ይዘፍናሉ ሳይሉ አልቀሩም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ በሰልፍ ወጥተን፣ እንስራ በእንስራ ላይ፣ ደፋነው። ጥቁሩ ጉድጓድ ወይን ጠጅ መሰለ። ከዚያ መጠበቅ ብቻ ቀረ።

በማግስቱ በማለዳ ካፒታኖው ከውኃ ጉድጓዱ አፍ ቆሟል። እኛም በሩቁ ቆመናል። ባልዲው ወጣ። የትናንቱ ቅላት ጠርቶ ውኃው እንደ ወትሮው ነው። ደግመው ቀዱ፤ ያው ነው። አስተርጓሚው ወደ እኔ አየና ፊቱን አዞረ። ልጄ ጀርባዬ ላይ ተነፈሰ፤ ትንፋሹ አንገቴን ሲነካኝ፣ እኔ ብሞት ይህን ማን ያዝለዋል አልኩ። ጌታዬ ሆይ፣ ቅላቱን ቶሎ አምጣው አልኩ። እትየ ዘርፌም ዓይኗን ከባልዲው አልነቀለችም።

ፀሐይዋ ከፍ ስትል ከታች፣ ከሾላው በኩል፣ እልልታ ተሰማ። ካፒታኖው ቀና አለ። «ቅዱ» አለ። ባልዲው ወጣ። አስካሪው ውስጡን አየና ባልዲውን ለቀቀው፤ የፈሰሰው ውኃ ካፒታኖው የቆመበትን ነጭ ድንጋይ አቀላው። ካፒታኖው ጎንበስ ብሎ በጣቱ ነካ፣ አሸተተ፣ ወደ ቆሻሻው ጉድጓድ አየ፣ ወደ ባልዲው አየ። ጠዋት ከዚያው ውኃ የተፈላ ቡናውን ጠጥቷል። ከግንቡ ጀርባ ሄዶ ሲያስመልሰው ሁላችንም ሰማን። አስተርጓሚው ሳቁን ለመደበቅ አቀርቅሮ ጫማውን አሰረ።

ያልሳቀው አባባ ብቻ ነው። እጁን ሲፈቱለት ክንዱን እያሸ ካፒታኖው ፊት ቆመና በጣም በትሕትና፣ በሽምግልና ድምፅ እንዲህ አለ።

«ጌታው፣ ድንጋይ ውኃ ያስገባል እንዴ?»

አስተርጓሚው ይህቺን አንድም ቃል ሳያጎድል ተረጎማት። ካፒታኖው ቀላ። እንሶስላ ሳይነካው።

ያን ቀን የሆነውን ያየ ሁሉ ሲያወራው ኖሯል። ወታደሮቹ አፍንጫቸውን አስረው ያን ጉድጓድ ጠርገው ባዶ አደረጉት። አዲሱ የት ይቆፈር ሲባል ካፒታኖው ራሱ ሽማግሌ አስጠራ። አባባ ከጉብታው ማዶ፣ ምንጭ ከሌለበት፣ ጓያ የምንዘራበትን ዋልካ መሬት አሳየው። ዋልካ ክረምት የገባበትን ውኃ እስከ ጥቅምት አቁሮ እንደሚይዝ ማንም ገበሬ ያውቃል። ግድግዳውን በሸክላ ሠሪ ጭቃ መረጉት፤ የዝናብ ጎርፍ እንዳይገባበትም ዙሪያውን ቦይ ወጣለት። ከመጠቀማቸው በፊት እኛ ሴቶቹ እንሶስላ ደፋንበትና ስንት ቀን ምንጮቹን ጠበቅን። አንዱም አልቀላም።

ምንጩን ለመጥረግ ደቦ እንድንወጣም ተፈቀደልን፤ አገሩ በአደባባይ፣ እየዘፈነ ጠረገው። ውኃው እስኪጠራ ድረስ ከወንዝ ስንቀዳ ኬላው ላይ ማንም አልነካንም፤ አስተርጓሚው እዚያ ቆሞ ይውል ነበር። የራሱን ኮዳ እንድንሞላለትም ይለምነን ጀመር። ውዴ ዘግይታም ቢሆን ተዳረች፤ እጇ ከማንም ሙሽራ ይበልጥ ቀይ ነበር። የእኔ ይበልጣል ደግሞ አንድ ቀን ጠዋት ጡቴን አልለቅም ብሎ ነከሰኝ። እንደዚያ የሚያስደስት ንክሻ ከዚያ በኋላ አላየሁም። ዛሬ የልጅ ልጆች አሉት።

ጣሊያን ሄደ። ምሽጉ ፈረሰ፤ ድንጋዩን እየወሰድን በረት ሠራንበት። ባሌም ከ«ንግዱ» ተመለሰ። የጦርነቱን ወሬ ሲያወራ እኔም የእኔን አወራሁለት፤ ቤታችን የመጡት እንግዶች ያጨበጨቡት እሱ ሲጨርስ ሳይሆን እኔ ስጨርስ ነው።

እናንተ የምታነቡኝ ሰዎች፣ ያ ቀን ሁለት ነገር ለወጠብኝ። አንደኛው ካፒታኖም ሆነ ሌላ ሰው «አይሆንም» ሲለኝ «እስቲ እንየው» ማለት ለመድኩ። ሁለተኛው መሬትን የማየው ሌላ ሆነ። ድሮ የጣልኩት ነገር ከዓይኔ ከጠፋ የጠፋ ይመስለኝ ነበር። አሁን መንደራችን ሽንት ቤት ሲቆፍር፣ ከብት ሲቀብር፣ ገበያው ጥራጊውን የሚደፋበት ሲፈልግ እኔን ይጠሩኛል፤ እኔም እንሶስላዬን ይዤ እሄዳለሁ። ወጣቶቹ «አሮጊቷ ልትሞሽረን መጣች» እያሉ ይቀልዱብኛል። ይቀልዱ፤ ጉድጓዱን ግን ሳልሞሽረው አይከፍቱትም።

እትየ ዘርፌ እስክትሞት ድረስ መተት ስትፈራ ኖረች። የሙሽራ እጣቢም እስከ መጨረሻው ሰው ከማይረግጠው ቦታ ነበር የምታስደፋ። ግን ከዚያ ወዲህ ከመድፋቷ በፊት ዳገቱን ቁልቁል ትቃኝ ነበር፤ እታች ምንጭ ካለ እንስራውን አንስታ ሌላ ቦታ ትሄዳለች። አንድ ጊዜ ለምን እንዲህ እንደምትደክም አንዲት ሙሽራ ብትጠይቃት፣ እትየ ዘርፌ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ እንዲህ አለቻት።

«እኔ ሰው እንዳይረግጠው ብቻ ነበር የምጠነቀቅ፣ ልጀ። ሰው እንደሚጠጣው ማን ነግሮኝ!»